የቁምስናችን የበጎ አድራጎት ቡድን፦ እሑድ በር ላይ የሚሰለፈውን ሰው እንዴት እናስተናግደው?

ጠያቂ፦ ጣና ዳር 14

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ባለ አንድ የካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ) የበጎ አድራጎት ቡድን አለን፤ 14 አባላት ነን። ከአባላት መዋጮና ከቅዳሴ በኋላ ከሚሰበሰበው ምጽዋት በወር ወደ 12,000 ብር ይገባል። እስካሁን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በር ላይ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ስናድል ቆይተናል። ጥቅምት ላይ 20 የነበረው ሰልፍ ዛሬ ከ60 በላይ ደርሷል፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰውም በዚያው ልክ አንሷል። ጉልበት ያለው ከፊት ይቆማል፣ አልጋ ላይ የዋለው ጭራሹኑ አይመጣም። በዚያ ላይ ገንዘቡ በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚያልቅ፣ ወሩ አጋማሽ ላይ ማዘዣ ይዞ ለሚመጣ በሽተኛ የሚሰጥ ሳንቲም የለም።

አሁን ነሐሴ ነው፤ ኑሮው የከበደበት፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት የደረሰበት ጊዜ። ማንን እንምረጥ? በዓይነት ይሻላል በጥሬ ገንዘብ? መዝገቡስ እንዴት ይያዝ? የሠራችሁበት ካላችሁ በዝርዝር ብትነግሩን።


መልስ 1፦ ሁለት ሁለት

መጀመሪያ ሰልፉን ተዉት። ሰልፍ የሚመርጠው ጉልበት ያለውንና የማያፍረውን ነው፤ የቸገረውን አይለይም።

ችግሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1617 ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ሻቲዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ቆሞስ ሳለ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ታሞ ስለተኛ አንድ ቤት ምእመናኑን አሳሰበ። በዚያው ቀን መንገዱ ምግብ በያዘ ሰው ተሞላ። ለዛሬ ተርፎ የሚበላሽ፣ ለከነገ ወዲያ ግን የሌለ ምግብ! በጎነቱ ብዙ ሆኖ ሥርዓት እንደጎደለው ያየው እዚያ ላይ ነው። ሴቶቹን በተራ መደባቸው፤ የእሱ የመጀመሪያው የቁምስና የበጎ አድራጎት ማኅበር ከዚህ ተወለደ። የእናንተም እሑድ የሻቲዮንን እሑድ ይመስላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 14 ሰው 7 ጥንድ ይሆናል። ለአንድ ጥንድ 3 ቤት ስጡ፤ በድምሩ 21 ቤት፣ ከዚያ አትለፉ። እያንዳንዱ ቤት በየሁለት ሳምንቱ ይጎበኝ። በእያንዳንዱ ጥንድ ቢያንስ አንዲት ሴት ትኑር፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት ወንድ ብቻውን ሲመላለስ ሰፈሩ ወሬ ያበጃል፣ ጦሱም ለእሷ ነው። ባልና ሚስትን ወይም እህትማማቾችን አታጣምሩ፤ ሁለቱም አንድ ነገር አይተው ይመጡና ሁለተኛ ዐይን የሚባለው ይቀራል።

ቡና በሚፈላበት ሰዓት አትሂዱ። እንግዳ መጣ ብለው ከጎረቤት ቡናና ስኳር ተበድረው ያፈላሉ፤ ልትረዱ ሄዳችሁ ዕዳ ጨምራችሁ ትመለሳላችሁ። ከደረሰባችሁ ግን እንቢ አትበሉ፣ ነውር ነው። ለመጀመሪያው ጉብኝት ሩብ ኪሎ ቡናና ግማሽ ኪሎ ስኳር ይዞ መሄድ ነገሩን ያቀለዋል።

ወረቀት ዘርግታችሁ ጥያቄ አትደርድሩ፤ ጥያቄ ሰውን ያስዋሻል። ዐይን ይበቃል። ምጣዱ በቅርብ ተጋግሮበታል ወይስ አቧራ ለብሷል? ጣሪያው ሥር የዝናብ ባልዲ ተቀምጧል? የተጀመረና የተቋረጠ መድኃኒት መስኮት ላይ አለ? ልጁ በትምህርት ሰዓት ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል? ሁሉንም አፍረጥርጦ የሚናገረው ደግሞ የሱቅ ዱቤ ደብተር ነው። ሰው ሲቀርባችሁ «ዱቤው ስንት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ያሳያሉ። ዘይት በሩብ ሊትር፣ ስኳር በብርጭቆ፣ ሻማ በነጠላ እየተባለ የተጻፈውን ስታነቡ ቤቱ በሳምንት ምን እንደሚበላ ታውቃላችሁ። ሻማ ከበዛ መብራት ተቆርጧል ማለት ነው።

ጉብኝቱ ሲያልቅ መዝገቡ ላይ አምስት መስመር ብቻ ጻፉ፦ ቀን፣ በቤቱ ያለው ሰው ብዛትና ዕድሜ፣ ገቢው ከየት እንደሆነ፣ የታየው ችግር፣ ጥንዱ የሚያቀርበው ሐሳብ። ስም አይግባበት። ስምና አድራሻ ያለበት አንድ ደብተር ጸሐፊው ዘንድ ይቆለፍበት፤ ሌላው ሁሉ በቁጥር ይሁን፤ ለምሳሌ ፋሲሎ ላለ ቤት ፋ 07፣ በላይ ዘለቀ ላለ በ 03። በስብሰባም በቁጥሩ ተናገሩ። ባሕር ዳር ትልቅ ትመስላለች እንጂ ከአባላቱ አንዱ የዚያ ሰው ጎረቤት ወይም የዕድር አባል መሆኑ አይቀርም።

በየሦስት ወሩ 21ዱን ቤት አንድ በአንድ አንሱና «አሁንም ያስፈልጋል?» በሉ። ይህን ያላደረገ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ ሰው መቀበል የማይችል ሆኖ ያርፈዋል።

ሰልፉን በአንድ ቀን አትዝጉት። ሁለት እሑድ እደላውን ቀጥሉና ለእያንዳንዱ ሰው ሰፈሩን የሚጽፍበት ካርድ ስጡ፤ «ከእንግዲህ እኛ ቤት ድረስ እንመጣለን» በሏቸው። አድራሻ የማይሰጥም ይኖራል፤ አትከራከሩት። ቤት አልባ ሆኖ ጎዳና ለሚያድረው ግን ካርድ ትርጉም የለውም። ለእሱ በሳምንት አንድ ቀን ሻይና ዳቦ፣ ሳሙናና ልብስ የሚያጥብበት ውኃ ይሻለዋል።


መልስ 2፦ ባለ ሦስት ቁልፍ

እኔ ስለ ገንዘቡ ብቻ ልናገር። 12,000 ብሩን ሲገባ ክፈሉት እንጂ ሲወጣ አትክፈሉት። 7,200 ለቋሚ ቤቶች፣ 2,400 ለድንገተኛ፣ 2,400 ለክረምት። የክረምቱን ከጥቅምት እስከ ሰኔ አትንኩ፤ በ9 ወር 21,600 ይሆናል። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም በየወሩ 7,200 ተጨማሪ ታገኛላችሁ ማለት ነው፤ ከቋሚው 7,200 ጋር እጥፍ ይሆናል። ክረምት ላይ የግንባታ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ የቀን ሠራተኛው ገቢ ያጣል፣ እህሉ ደግሞ አዲሱ ምርት እስኪገባ ይወደዳል። ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚያወጣ ቡድን ነሐሴ ላይ ባዶ እጁን ይቀራል። የዘንድሮው አልፏችኋል፤ ለከርሞው ከጥቅምት ጀምሩ።

የድንገተኛው 2,400 ከስብሰባ ውጭ ሊወጣ ይችላል፤ ግን ሰብሳቢውና ሒሳብ ያዡ ሁለቱም ተስማምተው፣ ለአንድ ሰው ከ800 ሳያልፍ፣ በሚቀጥለው ስብሰባም ደረሰኙ ቀርቦ።

ምጽዋቱ የሚሰበሰብበት ሣጥን ሁለት የተለያየ ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፎቹ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይያዟቸው። እዚያው ቤተክርስቲያን ሳላችሁ ሁለት ሰው ቆጥሮ፣ ሦስተኛው ጽፎ፣ ሦስቱም ይፈርሙ። «ቤት ወስጄ ልቁጠረው» የሚል ቅን ሰው እንኳ ቢሆን አትፍቀዱ፤ ጎደለ ሲባል ስሙን የሚያድንበት ማስረጃ አይኖረውም። የባንክ ሒሳቡ በቁምስናው ደብዳቤ ይከፈት፤ ከሦስት ፈራሚ ሁለቱ ሲፈርሙ ይውጣ። በአንድ አባል የግል ሒሳብ ወይም ቴሌብር አታስቀምጡ።

ከአባላቱ መዋጮ ሌላ፣ በቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ስም በተቋቋመው የምእመናን የበጎ አድራጎት ማኅበር (የቪንሰንት ማኅበር) ስብሰባ መጨረሻ ላይ አንድ የጨርቅ ከረጢት ይዞራል፤ ሁሉም እጁን ጨብጦ ያስገባል፣ ማን ስንት እንደጣለ አይታወቅም። ያጣም ባዶ እጁን አስገብቶ ያወጣል። አንዳንዴ ከአባላቱ መካከል የቸገረው ሰው አለና ይህ ልማድ ክብሩን ይጠብቅለታል።

አንድ ሰው «ይህ ለደብተር መግዣ» ብሎ ከሰጠ ለደብተር ብቻ ነው። በቤተክርስቲያን ሕግም ለተለየ ዓላማ የተሰጠ ለዚያው ዓላማ ይውላል። በሌላ ቀለም ጻፉት።

የቤት ኪራይ ስትከፍሉ ለአከራዩ በቀጥታ ስጡና አስፈርሙት፤ ነገር ግን ቤተክርስቲያን እንደምትከፍል አትንገሩት። የቤተሰቡ ዘመድ መስላችሁ ቅረቡ፣ ወይም ገንዘቡን ተከራዩ በእናንተ ፊት ይስጠው። ከኋላ የሚከፍል ድርጅት እንዳለ ያወቀ አከራይ በሚቀጥለው ወር ይጨምራል። ከሦስት ወር በላይም ቃል አትግቡ። ኪራይ አንዴ ከተለመደ ግማሹን ካዝና ይውጠዋል።


መልስ 3፦ ወፍጮ ቤት

ስለ እህሉ። በአስቸኳይ ዕርዳታ ለአንድ ሰው በወር የሚታሰበው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። በ7,200 ብር ለ21 ቤተሰብ ይህን መሙላት አትችሉም፤ አትሞክሩት። የእናንተ ድርሻ ጉድለቱን መድፈን ነው። ቤቱ ያለውን ቆጥራችሁ የጎደለውን ስጡ፤ ሽሮ ላለው ሽሮ አትውሰዱለት።

ዱቄት ከምትገዙ እህል ግዙ፤ ዱቄት ቶሎ ይበላሻል፣ ከምን ጋር እንደተቀላቀለም አይታወቅም። ግን የወፍጮውን አብራችሁ ስጡ! ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። የማስፈጫ የሌለው ሰው ከ10 ኪሎው ሁለቱን ሸጦ ነው ስምንቱን የሚያስፈጨው፤ የሚሸጠውም በርካሽ። ከአንድ ወፍጮ ቤት ጋር ተስማሙና ማኅተም ያለበት ወረቀት ስጧቸው፣ በወሩ መጨረሻ በአንድነት ክፈሉ።

ምጣድ፣ ማገዶ ወይም መብራት ለሌለው፣ ወይም ወገባቸው ለማይጎነበስ አዛውንት፣ ጤፍ መስጠት ትርፉ ድካም ነው። በሰፈራቸው ካለች እንጀራ ጋጋሪ ጋር ተነጋገሩ፤ በሳምንት 14 እንጀራ ለአንድ ሰው፣ በኩፖን፣ በሁለት ቀን አንዴ የሚወሰድ። የአንድ ሳምንቱን በአንድ ጊዜ ከሰጣችሁ በባሕር ዳር ሙቀት በአራተኛው ቀን ይሻግታል። ኩፖኑ ላይ ቁጥርና ቀን ይኑር፣ ተቀድቶ እንዳይመጣም በየወሩ ቀለሙን ቀይሩ። ጋጋሪዋም ደህና ቋሚ ደንበኛ ታገኛለች። በነገራችን ላይ ኩፖን ያረጀ ዘዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1833 ፓሪስ ላይ ኦዛናምና ጓደኞቹ የቪንሰንት ማኅበርን ሲጀምሩ ሲስተር ሮዛሊ ሬንዱ የሚጎበኙትን ቤትና የሚይዙትን ኩፖን ትሰጣቸው ነበር።

ክረምት የምታከማቹ ከሆነ በቆሎ አታከማቹ፤ ነቀዝ ይጨርሰዋል። ጤፍ ፍሬው ስለደቀቀ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። ጆንያውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳርፉ፤ የሐይቁ እርጥበት ከሥር ይገባል። አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል አርቃችሁ ደርድሩት። እጃችሁን እስከ ክርን ጆንያው ውስጥ ክተቱ፤ መሐሉ ከሞቀ እርጥብ ነው፣ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት።

ጾሙን ጠብቁ። የሁዳዴው 55 ቀን፣ አሁን ደግሞ ፍልሰታ፣ ዘይትና ሽሮ እንጂ ዕንቁላልና የወተት ዱቄት አይታደልም፤ ለሕፃንና ለበሽተኛ ካልሆነ። ለፋሲካ ቅርጫ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ከ21ዱ ቤት ውስጥ ሙስሊም ካለ ሥጋ አትውሰዱለት፤ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሐይቁ ዳር ያሉት ወይጦዎችም ሙስሊሞች ናቸው። ለእነሱ ራሳቸው የሚያርዷት ዶሮ በሕይወቷ፣ ወይም ዘይትና ሩዝ።


መልስ 4፦ ዓሣ አስጋሪ

ከመልስ 3 ጋር አልስማማም። ሁሉን በዓይነት ማድረግ ሰውን እንደ ልጅ መቁጠር ነው። ገንዘብ የሚያውቅ እናት 500 ብር ብትሰጧት እናንተ በ700 የማትገዙትን ቅዳሜ ገበያ ገብታ ትገዛለች፤ ትንሽ ዓሣ፣ ሽንኩርት ገዝታ ከሚተርፈው የልጅ እስክሪብቶ ትገዛለች። እናንተ እህል ጭናችሁ በባጃጅ የምታወጡት ኪራይ ራሱ የአንድ ቤት ቀለብ ነው።


መልስ 5፦ ወፍጮ ቤት

ልክ ነህ፣ ገንዘብ መያዝ ለሚያውቁ ሰዎች ጥሬ ገንዘብ ይበልጣል። ለሁሉም ግን አይደለም። አረቄ ያለበት ቤት ጥሬ ገንዘቡ የሚስቲቱ እጅ ላይ አያድርም። ዱቤ የተከመረበትም ቤት ባለሱቁ በር ላይ ቆሞ ይቀበላታል። ጥንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎበኘ በኋላ ይወስን፤ መጀመሪያ ኩፖን፣ ኋላ ገንዘብ።


መልስ 6፦ ካርድ ክፍል

የሕክምናውን ነገር ማንም አላነሳውም፤ ድንገተኛ ገንዘባችሁን የሚበላው እሱ ነው።

ለ21ዱም ቤት መጀመሪያ የምትጠይቁት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ይሁን። ሦስት ዓይነት ሰው ታገኛላችሁ። አንዱ ቀበሌው የድሃ ድሃ ብሎ የመዘገበው ነው፤ መዋጮው ይከፈልለታል፣ ወጪ የለባችሁም። ሁለተኛው የድሃ ድሃ ሊባል የሚገባው ሆኖ ሳለ በምዝገባው ጊዜ ያልቀረበ፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ብር ሳይሆን አብሮት ቀበሌ የሚሄድ ሰው ነው። ሦስተኛው ከመስመሩ በጥቂት በላይ ያለ፣ የዓመቱን መዋጮ ማውጣት ያቃተው። የእናንተ ገንዘብ የሚሠራው እዚህ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ ከአንድ ሆስፒታል ቆይታ ያንሳል። ምዝገባና እድሳቱ የራሱ ወቅት አለው፣ ካለፈ እስከ ከርሞ ነው፤ ቀኑን ከቀበሌው አሁን ጠይቃችሁ ቀን መቁጠሪያ ላይ ክበቡት።

መድኑ ያለው ሰውም ይሳሳታል። ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ከሄደ፣ ሪፈር ስለሌለው ከኪሱ ይከፍላል፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር። «መድኑ አይሠራም» ብሎ በዓመቱ ሳያድስ የሚቀረውም ከዚህ የተነሣ ነው። ጥንዱ ይህን አንዴ በደንብ ያስረዳ።

መድኃኒት ከውጭ ግዙ ሲባል ማዘዣውን እንጂ ብሩን አትስጡ፤ ፋርማሲ አብራችሁ ሂዱ። የማዘዣውን ቀን እዩ፤ አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ የሚዞርበት ጊዜ አለ። ስትከፍሉ ጀርባው ላይ ቀን ጽፋችሁ ፈርሙበት።

የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፤ ለእሱ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አጣሩ። የቲቢ (የሳንባ ነቀርሳ) በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ወር ያህል መድኃኒት ይውጣል፤ የሚያቋርጠው በትራንስፖርትና በረሃብ ነው። ለእሱ የባጃጅ መመላለሻና የሚበላው ነገር ስጡት።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል፣ ሐይቁ ዳርና ረግረጉ አካባቢ በተለይ። ጎብኚዎቹ አጎበር አለ ወይ ብለው ብቻ አይመለሱ፤ ተሰቅሏል ወይ ብለው ይዩ። ጣሪያው ሚስማር የማይዝበት ቤት አጎበሩ ታጥፎ ትራስ ሥር ይገኛል። አራት ሚስማርና ስድስት ሜትር ሲባጎ ይዛችሁ ሂዱና ሰቅላችሁ ውጡ።


ጠያቂ፦ ጣና ዳር 14

እናመሰግናለን፣ የጠየቅነው ከጠበቅነው በላይ ተመለሰ። ሁለት ነገር ቀረ። ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው የመጡ፣ የቀበሌ መታወቂያ የሌላቸው አሉ፤ ምን እናድርግ? ደግሞ ከሰፈሩ «በዱቄት ሃይማኖት ሊያስቀይሩ ነው» የሚል ወሬ ይሰማል።


መልስ 7፦ ሁለት ሁለት

መታወቂያ ለመድኑና ለመንግሥት ድጋፍ እንጂ ለእናንተ ጉብኝት አያስፈልግም። የሚኖርበትን ቤት ካያችሁ ይበቃል። ከአከራዩና ከጎረቤቱ ሁለት ምስክር ይዛችሁ ወደ ቀበሌው አብራችሁ ሂዱ፤ አንዳንዴ አንድ የአካባቢ ሰው አብሮ መቆሙ ብቻ ጉዳዩን ያስኬደዋል። ልጆቹ ነሐሴ ሳያልቅ ትምህርት ቤት ይመዝገቡ፤ የቀድሞ ትምህርት ቤት ማስረጃ ከሌለ ርእሰ መምህሩን አነጋግሩ፣ መስከረም ላይ ከሆነ ቦታ ሞልቷል ይላሉ።

ስለ ወሬው፦ ባሕር ዳር ካቶሊኩ ጥቂት ነው፣ ካቶሊክነትን በአዋጅ ያወጀው የንጉሥ ሱስንዮስ ዘመን ነገር ደግሞ ጣና ዳር አልተረሳም። ስለዚህ በቃል ሳይሆን በአሠራር መልሱለት። ስጦታ በሚሰጥበት ቦታ ጸሎት ወይም ስብከት አይኑር፤ ጸሎታችሁን በስብሰባችሁ ጸልዩ። ከተረጂ ጋር ፎቶ አይነሣ፣ ለፌስቡክም ለሪፖርትም። ቅጹ ላይ «ሃይማኖት» የሚል መስመር ካለ ሰርዙት፤ ጾሙንና ሥጋውን ለማወቅ ጥንዱ ያየው ይበቃል። ከ21ዱ ቤት አብዛኛው ኦርቶዶክስና ሙስሊም ቢሆን ደስ ይበላችሁ። የሰፈሩን ዕድር ዳኛም አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የተቸገረውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ወሬውንም የሚያበርደው እሱ።


ጠያቂ፦ ጣና ዳር 14

የፊታችን እሑድ ካርዱን እንጀምራለን። ወፍጮ ቤት፣ ኩፖኑን በካርቶን ነው በወረቀት የምታሠሩት?


መልስ 8፦ ወፍጮ ቤት

በወፍራም ወረቀት፣ በመዳፍ ልክ፣ ለሁለት ተቀዳጅ። ግማሹ ጋጋሪዋ ዘንድ ይቀራል፣ ግማሹ ተረጂው ዘንድ። በወሩ መጨረሻ ሁለቱን ግማሾች ገጣጥማችሁ ነው የምትከፍሉት። በክረምት እንዳይርስ ትንሽ ፌስታል አብራችሁ ስጡ።